ከአርባ ምንጭ እስከ ናይሮቢ፦ የበጎ ፈቃድ አገልግሎታቸውን ለጨረሱ ሁለት ጓደኛሞች የየዕለት የጉዞ ማስታወሻ

ይህ መንገድ ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በኮንሶ፣ በያቤሎና በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ ይገባል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሲያስተምሩ፣ ጤና ጣቢያ ሲያግዙ ወይም ከገበሬ ማኅበራት ጋር ሲሠሩ ቆይተው ጊዜያቸውን የጨረሱ በጎ ፈቃደኞች አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላን ነው የሚወጡት። ያሳዝናል። ሲያገለግሉበት የከረሙት አገር ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ የሚታየው በየብስ ሲሄዱ ነው፤ የቦረና ከብትና የቦረና አነጋገር ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ ድረስ አብሮ ይሄዳል።

ማስታወሻው አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ ሌላው የውጭ ዜጋ የሆኑ ሁለት ጓደኛሞችን ያስባል። እንዲህ ያለ ጥምረት በበጎ ፈቃደኞች ዘንድ የተለመደ ነው፤ መንገዱን የሚያዘገየውም አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ሳይሆን የሁለቱ ፓስፖርት መለያየት ነው። ስለዚህ ቀኑን የሚወስነው ወረቀቱ የሚዘገየው ሰው ነው። ይህን ገና ሳትነሱ ብትስማሙበት መንገድ ላይ መኳረፍ አይኖርም።

ከመነሳት በፊት

የመጨረሻው ሳምንት የሽኝት ነው። ቡናው፣ ምሳው፣ ፎቶው አያልቅም፤ ሥራ ይሠራበታል ብላችሁ አታስቡ። ርክክቡ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ይለቅ። ተተኪው ሰው ሥራውን እየሠራ እናንተ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ የምታዩበት ጥቂት ቀን ከሌለ፣ የርክክብ ሰነዱ የቱንም ያህል ቢያምር አይረዳውም። ሁልጊዜ የሚረሳው ትንሹ ነገር ነው፦ የመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ፣ የቴሌግራም ቡድኑን የሚያስተዳድረው የማን ስልክ እንደሆነ፣ የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል፣ ለፀሐይ ኃይሉ ባትሪ የተጣራ ውሃ በስንት ጊዜ እንደሚጨመር። የእናንተን የግል ስልክ ቁጥር ይዘው ለሥራ የሚደውሉ ሰዎች ካሉ፣ ሲም ካርዱ ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ ቁጥር በጽሑፍ ይድረሳቸው።

በስማችሁ ወጪ የሆነ ላፕቶፕ፣ ሞተር ብስክሌት፣ ፕሮጀክተር ወይም መጽሐፍ ካለ ለንብረት ክፍሉ መልሳችሁ ሞዴል 19፣ ማለትም የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ይቆረጥላችሁ። ዕቃው መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ብቻ አይበቃም፤ ደረሰኝ የሌለው ተመላሽ በኦዲት ጊዜ አሁንም በእናንተ እጅ እንዳለ ይቆጠራል፣ የሚጠየቁትም ያመኗችሁ ባልደረቦች ናቸው። ክሊራንሱን ደግሞ ከቀናት በፊት ጀምሩት። ንብረት፣ ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍትና የሰው ኃይል ይፈርሙበታል፤ ከአራቱ አንዱ መስክ መውጣቱ አይቀርም። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ስማችሁ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል የተጻፈበት፣ ቁጥር፣ ማኅተምና ቲተር ያለው፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር የተገለጸ ይሁን። “ከመስከረም 2015 እስከ ነሐሴ 2016” ብቻ የሚል ደብዳቤ ውጭ አገር ያለ ቀጣሪ እጅ ሲገባ በሌላ ዓመት ይነበባል።

የሰፈሩ ሱቅ ዱቤ፣ የቤት ኪራይ፣ የውሃና የመብራት ሂሳብ ተከፍሎ ቁልፉ ለአከራይዋ በእጅ ይሰጣል። የምትተዉት ልብስ፣ ድስትና ፍራሽ ካለ ለማን እንደሆነ ወስናችሁ ራሳችሁ አድርሱ። ክፍል ውስጥ ተትቶ የሚሄድ ዕቃ በአከራይና በጎረቤት መካከል ቅሬታ ይፈጥራል፤ በዚያ ላይ ሰው ፊት ለፊት ሲሰጡት ክብር አለው።

የውጭ ዜጋው ጓደኛ የመኖሪያ ፈቃዱና ቪዛው የሚያበቃበትን ቀን ከወር በፊት ይመልከት። ጊዜው ያለፈበት ሰነድ ይዞ ሞያሌ ላይ እጨርሳለሁ ማለት አይሆንም፤ ጉዳዩ አዲስ አበባ የኢሚግሬሽን አገልግሎት ዘንድ ማለቅ አለበት፣ አለበለዚያ ከድንበር ላይ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ መመለስ ይመጣል። ወደ ኬንያ ለመግባት ብዙ አገሮች የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፣ ክፍያው 30 ዶላር ገደማ ነው፣ መልሱም እስከ ሦስት የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል። መብራትና ኔትወርክ ባለበት አርባ ምንጭ ተሞልቶ፣ በወረቀት ታትሞ ይያዝ። ኢትዮጵያዊው ጓደኛ ለኬንያ ቪዛ አይጠየቅም፤ ፓስፖርቱ ግን ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን ያረጋግጥ።

ሁለታችሁም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል። ክትባቱ በሰነድ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን ቆማችሁ አንብቡ። ነርሷ በልማድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፈችው፣ ከተቆጣጣሪው ፊት ካርዱ የተሰጠው ሰባትና ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ይመስላል፤ ከፓስፖርቱ ጋር ሲተያይ ጥያቄ ያስነሳል። እዚያው በፈረንጅ ቀን አስጽፋችሁ በማኅተም አስደግፉት።

አርባ ምንጭ ወባ ያለበት ቆላ ነው። የመከላከያ ኪኒን የሚወስድ ሰው አካባቢውን እንደለቀቀ ማቆም የለበትም፤ ዶክሲሳይክሊንና ሜፍሎኩዊን ለ4 ሳምንት፣ አቶቫኩዎን-ፕሮጓኒል ለ7 ቀን ይቀጥላሉ። በሐይቅ ዳር ወይም በወንዝ ውሃ ውስጥ የገባችሁ ከሆነ የቢልሃርዝያ የደም ምርመራ ከመጨረሻው ንክኪ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ሲደረግ ነው የሚታመነው። ስለዚህ የመውጫ ምርመራ ላይ “የለብህም” መባል ጉዳዩን አይዘጋውም።

ስለ ሻንጣ፦ ለአንድ ሰው ከ15 ኪሎ አይብለጥ። ከባድ ሻንጣ ያለው ሰው በየመናኸሪያው ከጫኝና አውራጅ ጋር ሲደራደር ይውላል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚወጣውን ሻንጣ ንጹሕ ማዳበሪያ ውስጥ ከታችሁ አፉን በገመድ እሰሩት፤ ከአቧራና ከዝናብ ያድነዋል፣ ዚፑንም ከጣት ይጠብቀዋል። ሹሮና በርበሬ ለሚይዝ ደግሞ ትልቁ ችግር ፌስታል ነው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። ፌስታሉን ሁሉ አውጥታችሁ በጨርቅ ከረጢትና ክዳን ባለው ዕቃ ቀይሩ። ለማስታወሻ የምትወስዱት ዕቃ ያረጀ የሚመስል ከሆነ፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን ያዙ።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ የጋራ ቦርሳ ይኑራችሁ። ሁለታችሁም እኩል ታስገባላችሁ፣ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ውሃና አስጎብኚ ከዚያ ይከፈላል፣ የቀረው የግል ነው። ማታ ማታ በትንሽ ደብተር ይጻፍ። የብሩ ሂሳብ ድንበሩ ላይ ተዘግቶ በሽልንግ አዲስ ይጀመር፤ ሁለት ገንዘብ በአንድ ሂሳብ ሲቀላቀል ጓደኝነት ይጎዳል። ከአገር የሚወጣው የብር መጠን ገደብ ስላለው፣ መመሪያውም ስለሚለዋወጥ፣ በምትነሱበት ሳምንት ባንክ ጠይቁ። ቴሌብር ከድንበር ወዲያ ሱቅ ውስጥ አይከፈልበትም።

ቀን 1፦ አርባ ምንጭ – ኮንሶ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ

መናኸሪያው ያለው ታችኛው ከተማ ሲቀላ ነው። ሴቻ የሚያድር ሰው ባጃጅ ማታውኑ ይቅጠር። ለሚኒባሶቹ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መድረስ ይበቃል። ከመቀመጫዎቹ መሃል የሚሻለው ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ረድፍ ነው፤ የኋላው ወንበር ጎማው ላይ ስለሚያርፍ ያንገላታል። ታሪፉን ከረዳቱ ሳይሆን ከመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ጠይቁ፤ የሻንጣ ክፍያ ለብቻው ነው፣ ሻንጣው ከመጫኑ በፊት ዋጋው ይቆረጥ።

በዚህ ቀን ዋናው ጥያቄ መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ነው። ከኮንሶ እስከ ቦረና ባለው አካባቢ የጸጥታ ችግር የሚነሳበት ጊዜ አለ። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጡት ትናንት ከያቤሎ የመጡ ሹፌሮች ናቸው። “ትናንት ስንት መኪና አለፈ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ “ሰላም ነው ወይ?” ለሚለው ጥያቄ ሁሉም “ሰላም ነው” ይላል። መንገዱ ከተዘጋ አማራጩ በሶዶ፣ በሀዋሳ፣ በዲላና በቡሌ ሆራ ዞሮ ያቤሎ መግባት ነው። ረጅም ነው፤ ሁለት ተጨማሪ ቀን ይዛችሁ አስቡት።

መኪናው በግራ የጫሞን ሐይቅ እያሳየ በሙዝ እርሻ መሃል ይሄድና ወደ ኮንሶ ኮረብታ ይወጣል። የኮንሶ ዋና ከተማ ካራት ከምሳ በፊት ትደርሳላችሁ። ሰኞና ሐሙስ የኮንሶ ገበያ ነው፤ መኪናም እንደ ልብ ይገኛል፣ አልጋ ግን ቀድሞ ይያዛል።

ቀን 2፦ ኮንሶ

ኮንሶን በአንድ ሌሊት ማለፍ አይገባም። የእርከኑ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የተመዘገበው ስፋት 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ400 ዓመት በላይ ወይም የ21 ትውልድ ሥራ ነው ይባላል። በልማት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ከሌላ ጎብኚ በተለየ ሊያየው ይገባል። አንዱ እርከን አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ድንጋዩን ተመልከቱ፦ ሲሚንቶ የለም፣ ጭቃ የለም። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር፣ ትንንሹ በክፍተቱ ተሸጉጧል፤ ግንቡ ወደ ተራራው ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ውሃ በብዛት ሲመጣ ማፍሰሻ የሚሆን ክፍተት ተትቶለታል። አንዳንድ ቦታ ከፍታው እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ጎርፍ አንዱን ጥግ ሲያፈርስ ባለቤቱ የሚጠግነው ውሎ ሳያድር ነው፤ ያንዱ ማሳ ከተበሳ ከሥሩ ያለው ጎረቤት ማሳ ይታጠባልና። ውጭ በተጠና ዲዛይን የተሠሩ ስንት እርከኖች ፈርሰው ይህ የቆመው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጥገናው ከመጀመሪያውም የሥራው አካል ነው።

መግቢያውን ካራት ካለው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከፍላችሁ ደረሰኝና አስጎብኚ ያዙ። ጋሞሌና ዶካቱ ለካራት ቅርብ ናቸው። መንደሮቹ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ካብ የተከበቡ ናቸው፤ በሞራው፣ ማለትም ወጣቶች በሚያድሩበት የጋራ ቤት፣ ዙሪያ በየ18 ዓመቱ የሚተከለውን የትውልድ ግንድ ቆጥሮ የመንደሩን ዕድሜ መገመት ይቻላል። ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች የሟች ጀግኖች መታሰቢያ ናቸው። ብዙዎቹ ተሰርቀው ተሸጠዋል፤ ማንም ቢያቀርብላችሁ አትግዙ፣ ሕገ ወጥ ነው፣ ጎሳውንም ያሳዝናል። የቀሩትን በካራቱ ሙዚየም ታዩአቸዋላችሁ።

ምሳ ኩርኩፋ በሽፈራው ብሉ። ጨቃ፣ ማለትም የአካባቢውን ጠላ፣ ለሚጠጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ በባዶ ሆድ ለፀሐይ አይመከርም።

ቀን 3፦ ኮንሶ – ያቤሎ፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ

ርቀቱ አጭር ነው፣ መኪናው ግን ሞልቶ እስኪነሳ ሊያረፍድ ይችላል። ማልዳችሁ ተገኙ። መንገዱ ወደ ሰገን ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ቦረና ይወጣል። ቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ደግሞ በጥቅምትና ኅዳር ነው፤ በእነዚህ ወራት ደረቅ የሚመስለው ወንዝ ሩቅ ተራራ ላይ በጣለ ዝናብ በድንገት ይሞላል። ሹፌሩ ቆሞ ሲጠብቅ አታጣድፉት። ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ፣ ሁለት ከረጢት ኦአርኤስ (የሰውነት ድርቀት ማከሚያ ዱቄት) ያዙ። ኦአርኤስ ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ጨው ማብዛት ጉዳት ስላለው በእጅ ጭብጥ አይለካም።

ያቤሎ ከተማው ከዋናው የአዲስ አበባ–ሞያሌ መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ይላል። ነገ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው መገንጠያው ላይ ቢያድር ይቀለዋል፤ ባንክና ፋርማሲ የፈለገ ከተማ ይግባ።

ቀን 4፦ ያቤሎ – ኤል ሶድ – ሞያሌ፣ 205 ኪሎ ሜትር ገደማ

የኤል ሶድን የጨው ጉድጓድ ማየት ከፈለጋችሁ ጉዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀመር። ወደ ዱብሉክ የሚሄድ መኪና ይዛችሁ፣ ከዋናው መንገድ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በሞተር ብስክሌት ትገባላችሁ። ሁለት ሞተር ቅጠሩ፤ ሦስት ሰው በአንድ ሞተር በኮረት መንገድ ላይ መጫን አደገኛ ነው። መመለሻውም አብሮ ይደራደር፣ ገንዘቡ ስትመለሱ ይከፈል።

ቦታው በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር የጨው ሐይቅ አለ። ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ አቀበቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሰዎቹ ሐይቁ ውስጥ ገብተው ጨዉን ከሥር በእንጨት እየፈነቀሉ ያወጡታል፤ ሥራው ዓይንና ጆሮ ያቆስላል። አህዮቹ ጭነው ሲወጡ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በተራራው በኩል ቁሙ፣ በገደሉ በኩል አይደለም። ፎቶ ከማንሳት በፊት ሠራተኛውን ጠይቁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መውጣት ለጤነኛም ከባድ ነው።

ዱብሉክ አካባቢ ቱላ ከሚባሉት ዘጠኝ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አንዱ አለ። ወንዶች መሰላል ላይ ተደራርበው ቆመው ውሃውን በመያዣ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ፤ ዘፈኑ የእጃቸውን ምት እኩል ያደርገዋል። ይህ የሚታየው በበጋ ብቻ ነው። ዝናብ ሲጥል ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ጉድጓዱ ያርፋል። ከብት ተራ ይዞ እየጠጣ ሳለ በመሃል አትለፉ፣ የጉድጓዱን ኃላፊ አስፈቅዱ። ተራውም፣ ጥገናውም፣ ቅጣቱም በሥርዓት የሚመራ ነው፤ የውሃ ኮሚቴ ሲያደራጅ የቆየ በጎ ፈቃደኛ እዚህ ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ አይቆጨውም።

ከዱብሉክ በሜጋ አድርጋችሁ ከሰዓት በኋላ ሞያሌ ግቡ። በዚህ መንገድ ፍተሻ ብዙ ነው፤ ወንድ ሁሉ ወርዶ ይፈተሻል፣ መታወቂያ ይታያል። ፓስፖርታችሁን ፖርቶመጋላ ላይ የጫነ ሰው ሙሉ መኪና ያስቆማል። የማያውቁትን ሰው ዕቃ “እዚህ ድረስ ያዝልኝ” ቢሏችሁ በትሕትና እምቢ በሉ።

ቀን 5፦ ድንበሩ

ሞያሌ በሁለት አገር የተዘረጋች አንዲት ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ እንዲሠሩ የተዘጋጀ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያ የኢትዮጵያ መውጫ ማኅተም፣ ቀጥሎ የኬንያ መግቢያ ማኅተም፣ ከዚያ ጉምሩክ።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በፊት ነው። የከተማው ነዋሪ ለገበያ ሲመላለስ ማኅተም አይጠይቅም፣ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ብስክሌት ታክሲ) የሚነዳውም ልጅ እንደ ነዋሪ ቆጥሯችሁ ቀጥታ አውቶቡስ መሳፈሪያው ያደርሳችኋል። ማንም ሳያስቆማችሁ ኬንያ ገብታችኋል። ከዚያ የማርሳቢት መንገድ የመጀመሪያው ፍተሻ ላይ ፓስፖርቱ ሲገለጥ ማኅተም የለም፤ ይህ በሕገ ወጥ መንገድ እንደ መግባት ይቆጠራል። ስለዚህ ሞተረኛውን “ኢሚግሬሽን” በሉት፣ በሩ ላይ ውረዱ፣ ማኅተሙን ሳታዩ ከግቢው አትውጡ። ማኅተሙ አጠገብ የተሰጣችሁን የቀን ብዛት እዚያው አንብቡ፤ የሁለታችሁ ቁጥር ሊለያይ ይችላል፣ ስህተት ካለ መስኮቱ ላይ ሳላችሁ ይታረማል። ጣቢያው በሥራ ሰዓት መጀመሪያ ላይ ቀለል ይላል፤ ከምሳ በኋላ አውቶቡሶች ሲደርሱ ሰልፉ ይረዝማል።

ሰነዳችሁን በዚህ ቅደም ተከተል እጃችሁ ላይ አድርጉ፦ ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ካርድ፣ የታተመው የጉዞ ፈቃድ፣ የናይሮቢ ማረፊያ አድራሻ። “ምን ትሠራ ነበር?” ሲባል የሥራ ልምድ ደብዳቤው ብዙ ጥያቄ ያሳጥራል። የውጭ ዜጋው ሲገባ ጉምሩክ ያስመዘገበው ካሜራ ወይም ኮምፒዩተር ካለ ዕቃው በእጁ ይሁን።

መንገድ ላይ የሚመነዝሩ ሰዎች ከበው ይጠብቋችኋል። በኬንያ በኩል ባንክና የገንዘብ ማሽን አለ፤ ከዚያ አውጡ። የመንገድ ምንዛሪ ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ፣ በችኮላ የሚቆጠር ገንዘብ መሃል ላይ የታጠፈ ኖት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከገበያ የወጣው አሮጌ 1,000 ሽልንግ ዛሬ አይሠራም፤ አዲሱን አይታችሁ ለዩ።

ሲም ካርድ በፓስፖርት ይመዘገባል፤ በስልክ ገንዘብ የሚከፈልበት ኤም-ፔሳ አብሮ ይከፈትላችሁ፣ ከትንሽ ሱቅ እስከ ማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ) ይከፈልበታል። የኢትዮጵያ ሲም ካርዳችሁን ዳታ አጥፉ፣ አለበለዚያ የሮሚንግ ክፍያ ሂሳቡን ይጨርሰዋል። ሶኬቱም ይለያል፤ ኬንያ ጠፍጣፋ ሦስት ጥርስ ያለው ነው፣ ማስተላለፊያ ግዙ።

መንገድ ስትሻገሩ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ኬንያ ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ የማታቱም በር ግራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጓደኛችሁን እጁን ይዛችሁ ብትሻገሩ አይበዛም።

ቀን 6፦ ሞያሌ – ማርሳቢት፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ

ወደ ናይሮቢ ቀጥታ የሚሄደው አውቶቡስ ሌሊቱን ይጓዛል። በቀን ከፍሎ መሄድ የሚሻልበት ምክንያት ሁለት ነው፦ በሌሊት ግመልና አህያ አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ፣ ደግሞም በየኬላው በእንቅልፍ መሃል ወርዶ መሰለፍ ያደክማል። ትኬት ስትቆርጡ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። በስዋሂሊ ሲያወሩ ልክ እንደ እኛ ከንጋት ይቆጥራሉ፤ በቃል “ሳ ሞጃ” የተባለው 1 ሰዓት ትኬቱ ላይ 7 ተብሎ ይታተማል። ቀኑም በፈረንጅ ነው።

ይህ መንገድ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. አስፋልት እስኪለብስ ድረስ በከብት መኪና ላይ ተቀምጦ የሚታለፍ ነበር። አሁን በግማሽ ቀን ይደረሳል። በሶሎሎ፣ በቱርቢና በቡቢሳ አድርጎ የዲዳ ገልገሉን ድንጋያማ ሜዳ ያቋርጣል። ጥላ የለም፤ ውሃችሁን ሞያሌ ሙሉ። ፖሊስ ፓስፖርት ሲጠይቅ ማኅተሙ ያለበትን ገጽ ገልጣችሁ ስጡ። ኦሮምኛ የምትችሉ ከሆነ በዚህ መንገድ ሁሉ ያግባባችኋል።

ማርሳቢት በበረሃ መሃል ደን የለበሰ ተራራ ነው። ማለዳ ጉም ይሸፍነዋል፣ ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ሹራብ ከሻንጣው ላይ ይቀመጥ። በደኑ ውስጥ አሕመድ የተባለው ዝነኛ ዝሆን ይኖር ነበር፤ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዋጅ ጥበቃ ሰጡት፣ በ1974 በእርጅና ሞተ። ፓርኩን የሚገባ ሰው ውሃውን በማይጣል ጠርሙስ ይያዝ፤ በኬንያ ፓርኮች አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል።

ቀን 7፦ ማርሳቢት – ኢሲዮሎ፣ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ

በሎጎሎጎ፣ በላይሳሚስና በመሪሌ ያልፋል። በቀኝ የኦሎሎክዌ ገደል ሲታይ አርቸርስ ፖስት ቀርቧል፤ የኤዋሶ ንጊሮን ድልድይ ተሻግራችሁ ኢሲዮሎ ትገባላችሁ። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ቀኑ ቀላል ነው። የታጠበ ልብስ ለማድረቅ፣ የጋራ ቦርሳውን ሂሳብ ለማየት ይሁን።

ቀን 8፦ ኢሲዮሎ – ናይሮቢ፣ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ

ማታቱ ሕጋዊ ጭነቱ 14 ሰው ነው፤ ቀበቶ ማሰር በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ከዋለው ደንብ ጀምሮ ግዴታ ነው። ቀበቶው የተበጠሰበትን ወንበር አትቀበሉ፤ ፖሊስ ሲያገኝ የሚቀጣው ተሳፋሪውንም ነው። ከኢሲዮሎ ወደ ቲማው ሲወጣ ቅዝቃዜው በድንገት ይመጣል፤ በግራ 5,199 ሜትር የሆነው የኬንያ ተራራ ማለዳ ላይ ከደመና ነጻ ሆኖ ይታያል። ናንዩኪ የምድር ወገብ ያልፍባታል።

ናይሮቢ ከመጨለሙ በፊት ግቡ። ከሰሜን የሚመጡ ብዙ መኪኖች ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ያወርዳሉ፤ አማርኛ የሚናገር ሰው፣ እንጀራ ቤትና አልጋ እዚያው ታገኛላችሁ። ስልክ በእጅ ይዞ ከመስኮት አጠገብ መቀመጥ ግን አይሆንም፤ መኪናው በቆመበት ይነጠቃል። ከማውረጃው ወደ ማረፊያ የምትሄዱበትን መኪና ከመውረዳችሁ በፊት በስልክ ጥሩ።

ሁለታችሁ እዚህ የምትለያዩ ከሆነ የሽልንጉን ሂሳብ ከመለያየታችሁ በፊት ዝጉ፣ የሰነዶቻችሁን ቅጂም ተለዋወጡ። ለተተኪው ባልደረባ ደውሉለት፤ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ጥያቄ የሚበዛበት ጊዜ ነው፣ ለመደወል ደግሞ እሱ ያፍራል። በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳት ከያዛችሁ፣ የትም አገር ብትሆኑ፣ በዚያው ቀን ደማችሁን አስመርምሩ። በኢትዮጵያ ያለው አንዱ የወባ ዓይነት፣ ቪቫክስ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ አርባ ምንጭ ትኖሩ እንደነበር ራሳችሁ ንገሩት።